የጥያቄ አራት መልስ

ጥር 6

እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ ልልሽ ነበር፤ ግን አንቺ ሰላምታ ሳታስቀድሚ በቀጥታ ወደ ቁጣው ስለገባሽ እኔም በቀጥታ ልመልስ። የነገሩሽ እውነት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ወርክሾፔን ዘግቼ ኮምፒዩተር ላይ ጨዋታ እጫወታለሁ። የነገረሽን ሰውም አውቄዋለሁ። ሶፋው በቀጠሮው አልደረሰለትም፣ ስፖንጁ እስኪመጣ ታገሰኝ ብዬው ነበር፣ እሱ ነው እየዞረ የሚያወራብኝ።

“ሽማግሌ ሰው በጨዋታ” ያልሽውን ግን አልውጥልሽም። አንደኛ፣ አርባ ስምንት ዓመት ሽምግልና አይደለም። ሁለተኛ፣ አንቺ ራስሽ የምትተዳደሪው በዚሁ ጨዋታ አይደለም እንዴ? እኔ እጫወታለሁ፣ አንቺ ኩባንያው ውስጥ ተቀምጠሽ የእኛን የተጫዋቾቹን አስተያየት ታነቢያለሽ። ማን በማን ይስቃል!

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ለማንም አውርቼው አላውቅም። ከእናቷ ጋር ከተለያየን ወዲህ ልጄ ስልኬን አታነሳም። ብታነሳም “ደህና ነኝ፣ ደህና ነህ፣ ቻው” ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ አሁን አላነሳውም። ግን የዛሬ ስድስት ዓመት፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ፣ ይህን ጨዋታ አብረን ጀምረነው ነበር። መርከብ ይዘሽ ከደሴት ደሴት ትነግጃለሽ፣ ከፈለግሽ ትዋጊያለሽ። እኛ አንዋጋም። “የድሮው ባሕር” የምንለው አለ፤ የጨዋታው የመጀመሪያ ሰርቨር ነው። እዚያ አንድ ግማሹ የተሰበረ የጀልባ መቆሚያ አለ፤ እሱ ላይ ቁጭ ብለን ዓሣ እናጠምዳለን። በቃ። የእኔ ስም ሚስማር ነው፣ የእሷ ጉርጥ። ራሷን ጉርጥ አለች፣ ምን ታደርጊያታለሽ! ቅዳሜ አራት ሰዓት ሲሆን ጉርጥ ትመጣለች፣ ሚስማር መንጠቆውን ይዞ ይጠብቃል፣ እየተጻጻፍን እናወራለን። ጥርሷን እንዳስነቀለች የሰማሁት እዚያ ነው። መነጽር ቤት እንደተቀጠረች የሰማሁትም እዚያ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ቀርታብኝ አታውቅም።

አሁን ማስታወቂያ አወጡ። የድሮው ባሕር ተጫዋች ስላነሰው ሊዘጋ ታስቧል፣ ከመወሰኑ በፊት እስከ የካቲት 22 አስተያየታችሁን ስጡ ይላል። ወደ አዲሱ ሰርቨር እንሂድ ብዬ ጠየቅኳት። “አባ፣ እኔ ከዜሮ አልጀምርም” አለችኝ። ቁርጡ ይኸው ነው፤ ያ ሰርቨር ከተዘጋ ልጄን የማገኝበት ቦታ የለኝም።

አንቺ ከውስጥ ነሽ። ምን ብዬ ብጽፍ ይሰሙኛል? ውሳኔው አልቆ ለይስሙላ ነው የሚጠይቁን ወይስ ከልባቸው ነው? ስደውል የማታነሺበትንም ምክንያት ንገሪኝ፤ እኔም ተቀይሜሻለሁ።

ወንድምሽ

*

ጥር 17

ወንድሜ፣

ስለ “ሽማግሌው” ይቅርታ። ሰው የነገረኝን ይዤ ነው የተናገርኩት፤ ሳላጣራ። ልጅቷ እንደዚያ እንደምትመጣልህ አላውቅም ነበር። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት።

ስልክ ያላነሳሁት ጠልቼህ አይደለም። ጠዋት ስንገባ ስልካችንን በር ላይ ቆልፈን ነው የምንገባው። ስንወጣም ስለ ሥራው በስልክም በኢሜይልም እንዳናወራ ፈርመናል። አምና አንዷ ለእጮኛዋ የላከችውን አንድ መስመር መልእክት አውጥተው በማግሥቱ አሰናበቷት፤ ዕቃዋን እንኳ በካርቶን አድርገው ጥበቃው ጋ ነው ያስቀመጡላት። ስለዚህ ዘጠኝ ቀንም ይፍጅ በፖስታ ይሁን። ካነበብከው በኋላ ቅደደው። ለጡረታ ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ። እኔ የት እንደምሠራም ለልጅቷ አትንገራት።

አሁን ወደ ጠየቅከኝ። አሥራ አራት ሰዎች ነን፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ። እያንዳንዳችን በቀን ስድስት መቶ መልስ እናነብና ምልክት እናደርግበታለን፤ ብልሽት፣ ቅሬታ፣ ስድብ፣ ምስጋና፣ ናፍቆት። ስድብ እንኳ ይቆጠራል፤ “ስድብ በዚህ ወር በዚህን ያህል ጨምሯል” ተብሎ ለበላይ ይቀርባል። ናፍቆት ግን የትም አይደርስም። “ድሮ እንዲህ ነበር”፣ “እኛ ስንጀምር”፣ “ልጄና እኔ” ያለ ሁሉ ናፍቆት ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። አለቃችን “ናፍቆት አይጠገንም” ይላል፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ እንደዚያ ብለው ነው ያሠለጠኑት።

ስለዚህ እባክህ ትዝታህን አትጻፍ። ስለ ልጅህ አንድም ቃል አታንሳ። የሚጠገን ነገር ጻፍ። ስንት ሰው አላችሁ? በሳምንት ስንት ሰዓት ትገባላችሁ? የድሮው ሰርቨር ላይ የሚሠራ፣ አዲሱ ላይ የማይሠራ ምን አለ? በቁጥር፣ በአጭሩ። አትሳደብም፤ አውቅሃለሁ።

ውሳኔው አልቋል ወይ ያልከኝን እለፈው። እኔንም እለፈኝ።

ጉልበቴ ያው ነው። ሐኪሙ ተራመጂ ይላል፤ የት ልራመድ? ከወንበር ወደ ወንበር።

እህትህ

*

ጥር 29

እትዬዋ፣ እትዬዬ፣

ይኸውልሽ፣ እንደ አፍሽ አደረግን! አልተሳደብኩም። አንድ ጊዜ “ደነዞች” የሚል ጽፌ ነበር፣ አጠፋሁት።

ብቻዬን አይደለሁም። የድሮው ባሕር ላይ ስልሳ አንድ የቆየን ሰዎች አለን፤ ፊት ለፊት ተያይተን የማናውቅ፣ ግን ጓዳ ጎድጓዳችንን የምንተዋወቅ። የከተማ አውቶቡስ ነጂ አለ፣ አዋላጅ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ አለ። ዳኛው መርከቡን ሁሌ ድንጋይ ላይ ነው የሚያወጣት፤ አቤቱታ ላይ ግን አንደኛ ነው። “ስልሳ አንድ ሰው ስልሳ አንድ ዓይነት ነገር ካወራ ጫጫታ ነው፣ አንድ ቃል ከተናገረ ግን ክስ ነው” አለን። እውነቱን ነው፤ እኛም ሶፋ ሠሪዎቹ ለቦታችን ስንከራከር በአንድ ወረቀት ነው ያሸነፍነው።

ስለዚህ እሱ አረቀቀ፣ እኔ አሳጠርኩ፣ አዋላጇ ቁጥሩን አስገባች። ዐሥራ አንድ መስመር። እያንዳንዱ ሰው ራሱ ገብቶ፣ በራሱ አካውንት፣ ያንኑ ጽሑፍ ቃል በቃል እንዲልክ አደረግን። ነጠላ ሰረዝ እንኳ የነካ ወዮለት አልኩ። አውቶቡስ ነጂው መጨረሻው ላይ “አመሰግናለሁ” ጨምሮ ነበር፤ አስጠፋሁት። ስልሳ አንዳችንም በሁለት ቀን ላክን። እንደ አንድ ሰው! ዐይኔ እንባ አቀረረ ብልሽ ታምኛለሽ?

ጉርጥንም ላኪ ብያት ነበር። “እኔ የራሴን ቅጽ ሞልቼ ልኬያለሁ” አለችኝ። ምን ብለሽ ጻፍሽ አልኳት። “እውነቱን” አለችኝና አንድ ትልቅ ዓሣ ጎትታ አወጣች። እውነቱን! አየሽ ልጄን? ስሚማ፣ እኔ የመጽሐፍ ሰው አይደለሁም፣ የእሷ ግን ከእኛ ከስልሳ አንዳችንም ሳይሻል አይቀርም። ካየሽው ምን እንዳለች ጠቆም አድርጊኝ። አውቃለሁ፣ ፈርመሻል፤ ግን የወንድም ልጅሽ ናት።

የኛው ደርሷችሁ እንደሆነም ጻፊልኝ። ጊዜው እስከ 22 ስለሆነ የጎደለ ነገር ካለ እናስተካክለዋለን።

ሚስማር ወንድምሽ

*

የካቲት 10

ወንድሜ፣

ሰላም ነው? ወገብህስ? የሶፋ ክፈፍ ብቻህን አታንሳ ብዬህ ነበር።

የላካችሁት ደርሷል። በደህና ቋንቋ የተጻፈ ነው። ዳኛውን አመስግንልኝ፤ እንደዚያ ተደርድሮ የተጻፈ እኛ ጋ ብዙም አይመጣም።

ዛሬ ብዙ አልጽፍም፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ከሰሞኑ ብርድ ይዞኛል፣ ክፍሉም ማሞቂያው ተበላሽቶ በካፖርት ነው የምንሠራው። አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ በጓንት ኪቦርድ ስትመታ ብታያት ትስቅ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ። ልጅቷን ከኮምፒዩተሩ ውጭ ለመጋበዝ ሞክረህ ታውቃለህ? ሻይ ጠጪ ብለህ፣ መነጽር ቤቷ አጠገብ? ብትዘጋህም አንዴ ነው። ሁሉን ነገር አንድ ቦታ ላይ ባታስቀምጥ ብዬ ነው። እሷም አድጋለች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀላል አይደለም።

ሌላውን በሌላ ጊዜ።

እህትህ

*

የካቲት 27

እትዬ፣

ሰላምታ የለኝም።

ትናንት ማስታወቂያው ወጣ። ልገልብጥልሽ፣ ምናልባት አንቺው ጽፈሽው ይሆናል፦ “በተጫዋቾቻችን አስተያየት መሠረት የድሮው ባሕር ቅዳሜ መጋቢት 24፣ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከሰርቨሩ ነዋሪዎች አንድ ተቃውሞ ደርሶናል፤ ለሰጣችሁን ሐሳብ እናመሰግናለን።”

አንድ! ስልሳ አንድ ሰው አንድ ሆነ! አዋላጇ ቁጥሩን ደጋግማ ቆጥራዋለች፣ የላክንበት ማረጋገጫም አለን። አውቶቡስ ነጂው ጽፎ ጠየቃቸው። የመለሱለትን አየሁት። ቃል በቃል አንድ የሆነ ጽሑፍ ስንት ሰው ቢልከውም ማሽኑ የአንድ ሰው አድርጎ ነው የሚቆጥረው፤ አሠራራቸው ነው፣ ከጥንትም ነበረ። አንድ ሰው በብዙ ስም እየገባ እንዳያጭበረብር ተብሎ!

እኔ ነኝ ነጠላ ሰረዝ እንዳትነኩ ያልኩት። እኔ! ያ ምስኪን “አመሰግናለሁ” ያለውን እንኳ አስጠፋሁበት፤ እሱ ቢቀር ሁለት እንሆን ነበር። ዳኛው ከዚያ ወዲህ አልገባም፣ አፍሮ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በጉልበትሽና በብርድሽ አትመልሺልኝ። በጥር 29 ደብዳቤዬ ቃል በቃል አንድ እንደላክን ጽፌልሻለሁ። መልስሽ የካቲት 19 ደረሰኝ። ሦስት ቀን ነበረን። “ቀይሩት” ብትይኝ፣ አንዲት ቃል፣ ስልሳ አንዳችንም በየራሳችን አፍ ጽፈን እናድር ነበር። አንቺ ግን ስለ ጓንት ጻፍሽልኝ! በደህና ቋንቋ የተጻፈ ነው አልሽኝ!

ታውቂ ነበር ወይስ አታውቂም? አዎ ወይም አይደለም በይኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር፤ እህትም ከኩባንያ አታስጥልም ለካ።

ከዚህ በኋላ ቢደወልም አላነሳም። በጽሑፍ መልሺልኝ።

*

መጋቢት 8

ወንድሜ፣

አዎ። አውቅ ነበር።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ “ቀይሩት” የሚል ወረቀት ጽፌ፣ አሽጌ፣ ቴምብር ለጥፌበት ነበር። በማግሥቱ ቀደድኩት። ፈርቼ ነው ብልህ ይቀለኝ ነበር፤ መፍራትስ ሁሌም እፈራለሁ። ግን ለዚያ አይደለም። ምክንያቱን ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። አንተ ግን ከሃዲ ናት ብለህ ዕድሜህን ሙሉ ከምትቀየመኝ ልንገርህ፤ ምናልባት ክፋት እንዳልነበረበት ታያለህ።

ቅጹ ዘጠኝ ጥያቄ አለው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሙሉውን አናየውም። ማሽኑ ይቆራርጠውና እያንዳንዳችን አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚደርሰን። ሙሉውን ያነበበ ያዝናል፣ ያዘነ ሥራ ያጓትታል ነው ነገሩ። የእኔ አራተኛዋ ናት፤ “ለምን አሁንም ይጫወታሉ?” የምትለዋ። ላለፉት ሰባት ዓመታት ሌላ ጥያቄ አንብቤ አላውቅም።

የካቲት 9 ጠዋት ጉርጥ የሚል ስም መጣብኝ። ሌላ ጉርጥ ይሆናል ብዬ አጣራሁ፤ የድሮው ባሕር ላይ አንዲት ጉርጥ ናት ያለችው። የጻፈችው ይኸው፣ እንዳለ፦ “ጨዋታው ከሰለቸኝ ሦስት ዓመት አልፎኛል። የምገባው አንድ ሰው ብቻውን እንዳይቀር ብዬ ነው። ቅዳሜዬ ሁሉ እዚያ አለቀ።”

ወንድሜ፣ እውነቱን ጽፌያለሁ ያለችህ ይህን ነው። ምልክት ማድረግ ነበረብኝና “ቅሬታ” አልኩበት።

ከዚያ ምን ላድርግ? አንተ ስልሳ አንድ ሰው አሰልፈህ የልጅቷን ቅዳሜ ልታስጠብቅ ነው፤ እሷ ደግሞ እንዳይከፋህ እየፈራች ሦስት ዓመት ተሸክማዋለች። ዝም ካልኩ ሰርቨሩ በራሱ ጊዜ ይዘጋል አልኩ። እሷ ማንንም ሳታስቀይም ትገላገላለች፤ አንተም ኩባንያውን ትረግማለህ እንጂ እሷን አትቀየማትም። ለሁላችሁም የሚበጅ መሰለኝ። የካቲት 10 የጻፍኩልህን መልሰህ አንብበው፤ ሻይ ጋብዛት ያልኩህ ለዚያ ነበር።

ይቅር በለኝ። ግን ልቀቃት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቀን የምትሄድበት አታጣም።

እህትህ

*

መጋቢት 18

እትዬ፣

ደርሶኛል።

አምስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ውሸት ነው አልኩ፤ ከዚያ ያለፉትን ቅዳሜዎች አንድ በአንድ አስታወስኩ። “አባ፣ ዛሬ ቶሎ ልውጣ?” ያለችኝን። ዝም ብላ የምትቆይባቸውን ደቂቃዎች። ዓሣ እየያዘች መስሎኝ ነበር። ወይ ሞኝነት! ለካ እኔ እንደ ታማሚ ሰው እየተጠየቅኩ ነው የኖርኩት።

አንቺን አልወቅስሽም፤ ለመውቀስም አቅም የለኝም። ምስጢርሽም ሆዴ ውስጥ ነው። ለልጅቷ አንድ ቃል አልናገርም፤ ከአንቺ እንደሰማሁም፣ እንዳወቅኩባትም። ያለፈው ቅዳሜ ኔትወርክ ተበላሽቶብኛል ብያት ቶሎ ወጥቻለሁ።

የፊታችን 24 የመጨረሻው ነው። አልገባም። ስድስት ዓመት ቆጥራልኛለች፣ አንዷን ቅዳሜ እንኳ ልመርቅላት። እኔ ካልመጣሁ እሷም ቶሎ ወጥታ ከጓደኞቿ ጋር ትሄዳለች። ሌሎቹ ስልሳው ተሰብስበው ሊሰነባበቱ ነው፤ እንደማልመጣ ለእነሱም አልነገርኳቸውም።

አትዘኚ። ልቀቃት ብለሽኝ የለ፣ ለቀቅኳት።

ወንድምሽ

*

መጋቢት 30

ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ፣

ይህን እንዴት ብዬ እንደምጽፍልህ አላውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔስ ከፖስታ የወጣ ነው፣ ሮጬ የማልይዘው።

“አልገባም” ያልክበት ደብዳቤ የደረሰኝ መጋቢት 27 ነው፣ ከተዘጋ በሦስተኛው ቀን። የመጨረሻዋን ቀንማ አብራችሁ ትሰነባበታላችሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ ቅር እንዳለህ ትቀራለህ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ስልክ ደወልኩልህ፤ ለአንተ ብዬ ከመንገድ ላይ፣ ከሰው ስልክ። አላነሳህም።

በማግሥቱ መዝገቡን ከፍቼ አየሁት። ያስጠይቀኛል፣ ግድ የለም። ጉርጥ ቅዳሜ አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ገብታለች። ጀልባ መቆሚያው ላይ ነው የቆመችው። ዓሣ አላጠመደችም። የጻፈችውን ልንገርህ፦

አራት ሰዓት ከስድስት፣ “አባ፣ ገባሁ።”

አራት ተኩል፣ “ኔትወርክህ ነው?”

አምስት ተኩል፣ “እየጠበቅኩህ ነው፣ አትቸኩል።”

ሰባት ሰዓት ላይ ሌሎቹ ተሰብስበው ወደ ትልቁ ወደብ ሲሄዱ አዋላጇ ነይ አለቻት። “አባቴን እየጠበቅኩ ነው” አለቻት።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ “እሺ በቃ።”

አልወጣችም። ሰርቨሩ ሲዘጋ እዚያው ቆማ ነበር።

ሌላም አለ። ሰርቨር ሲዘጋ የተቆራረጡት ቅጾች ተገጣጥመው ነው መጋዘን የሚገቡት፤ እሱን እንድንሠራ እኔንና አጠገቤ ያለችውን ባልደረባዬን መደቡን። የልጅቷን ቅጽ ሙሉውን አገኘሁት። ከአራተኛዋ በታች ሦስት ጥያቄ ወረድ ብሎ ሰባተኛዋ አለች፤ ባልደረባዬ የምታነባት፣ “ሰርቨሩ ቢዘጋ ምን ያጣሉ?” የምትለዋ። ክንዴን ዘርግቼ የምነካት ሴት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወር ተቀምጣ ነበር። እንዲህ ትላለች፦

“አባቴን። ፊት ለፊት ስንገናኝ ሁለታችንም ቃል ያጥረናል፣ ስልክ ላይማ ይብሳል። እዚያ ዓሣ ስናጠምድ ግን ያወራኛል። ጨዋታውን አልወደውም፣ እሱን ግን ሌላ ቦታ የማግኘት ዘዴ ገና አላወቅኩም። እባካችሁ እስክንለምድ ትንሽ ጊዜ ስጡን።”

ባልደረባዬ “ናፍቆት” የሚል ምልክት አድርጋበታለች። አልፈረድኩባትም። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

በልጅቷ ላይ ግን እህትህ ሆኜ ሳይሆን አንባቢ ሆኜ ነው የፈረድኩት። የተሰጠኝን አንድ ቁራጭ አንብቤ ሙሉ ሰው ያወቅኩ መሰለኝ፤ ሰባት ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው። ሂድላት፣ ወንድሜ። ዛሬውኑ ሂድላት። የፈለግከውን በላት። ግን እባክህ፣ እግርህ ላይ ወድቄ ልለምንህ፣ ከየት እንደሰማህ አትንገራት። የጻፈችውን አክስቷ አንብባ ለአባቷ እንዳቀበለች ካወቀች በእኔ ላይ የሚደርሰው ይቅርና በአንተም ላይ እምነት አይኖራትም። ቅሬታ ብታስገባ ደግሞ በአንድ ቀን ውጪ እባላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?

እንዲህ ብዬ መለመኔም ያሳፍረኛል። ጻፍኩት ግን።

እህትህ

*

ሚያዝያ 12

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ወርክሾፑ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ደንበኛ ቆሞ ጨርቅ እያማረጠ ነበር፤ ቁልፉን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ መነጽር ቤቱ ደረስኩ። ሄጄበት አላውቅም ነበር፤ ቦታውን የማውቀው እሷ ጨዋታው ላይ “ከፋርማሲው ቀጥሎ ያለው” ስትል ሰምቼ ነው።

ባንኮኒው ጀርባ ናት። ነጭ ካፖርት ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣዋለች። ፀጉሯን መቆረጧን አላውቅም፤ ጉርጥ ፀጉር የላትማ። ስታየኝ የያዘችውን መጥረጊያ ጨርቅ አስቀመጠች። ሰላም አልተባባልንም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦

“የመጨረሻዋ ቅዳሜ የት ነበርክ?”

እትዬ፣ በአውቶቡሱ ውስጥ ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር መሰለሽ። ሰልችቶሻል ብዬ ላሳርፍሽ ነው የቀረሁት ልላት ነበር። ግን ያን ካልኩ የሚቀጥለው ጥያቄ “ማን ነገረህ?” ነው። ልጄን አውቃታለሁ፤ ሳትጠይቅ አትቀርም፣ ከጠየቀችም አትለቅም። አንቺ ደግሞ እግሬ ላይ ወድቀሻል። ሁለታችሁም እዚያች ባንኮኒ ላይ ተቀመጣችሁብኝ። ሦስት ደንበኛ ከኋላዬ ቆሟል፣ ባለቤቱ ያያል፣ እሷ መልሴን ትጠብቃለች።

“ሥራ ነበረኝ” አልኳት።

ይህችን ቃል ታውቂያታለሽ? ልደቷን ስቀር ሥራ ነበረኝ። አፔንዲስ ተቆርጣ ሆስፒታል አራት ቀን ስትተኛ ሥራ ነበረኝ። እናቷ ሻንጣ ስትዘጋ የአንድ ሆቴል ዐሥራ ስምንት ወንበር እየሸፈንኩ ነበር፤ እሱንም በስልክ “ሥራ ላይ ነኝ” ብያታለሁ። ስድስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ስፍቃት የኖርኩትን ቃል በገዛ አፌ መልሼ አመጣኋት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። አምና የምትቀበለኝ ያቺን ብቻ ነው።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ እንዴት ደስ ባለኝ! “እሺ” አለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ስትሰማው የኖረችው ነዋ፣ ምን ይገርማታል። ቀጥላ “መነጽር ፈልገህ ነው?” አለችኝ።

አዎ አልኳት። ምን ልበላት?

አስቀምጣ ዓይኔን ለካችው። ጣቷ ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን አንብብ አለችኝ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። የቅርቡም የሩቁም ደክሟል አለች፤ ድሮ መምጣት ነበረብህ አለች። አነጋገሯ ደግ ነው፤ ከፊቴ ለነበሩት አሮጊትም እንደዚያው ነበረች። ክፈፍ መረጠችልኝ፤ ለሥራ ሰው ይህ ይሻላል፣ አይሰበርም ብላ።

ስምሽን አላነሳሁም። እንዳላነሳ ለምነሻል፣ አላነሳሁም። ደስ ይበልሽ ልልሽ አስቤ ነበር፤ ግን አንቺም ደስ እንደማይልሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ይቅር። ለጊዜው ግን አትጻፊልኝ። ከአንቺ የሚመጣን ፖስታ ከፍቼ የማነብበት አንጀት የለኝም።

ስወጣ የደንበኛ ካርድ መሙላት ነበረባት። ስሜን ሳትጠይቅ ጻፈች። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀችኝ። አታውቀውም፤ እምብዛም ስለማታነሳው ስልኳ ውስጥ ይኑር አይኑር እንጃ። አንድ በአንድ ነገርኳት፣ አንድ በአንድ ጻፈችው፣ ትክክል መሆኑን ደግማ አነበበችልኝ። “በሁለት ሳምንት ይደርሳል፣ ሲደርስ ይደወልልሃል” አለችኝ።

ማን እንደሚደውል ግን አልጠየቅኳትም።

ወንድምሽ